የሦስተኛው ገቢር ዝምታ

ከሁሉ በፊት ይህን ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ቀንቻለሁ። በባሌ ብቻ ቀንቼ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተራ የጎረቤት ወሬ ሆኖ ባለቀ ነበር። እኔ ግን በባሌም በተውኔትም ነው የቀናሁት። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንዳንገበገበኝ ዛሬም ለይቼ መናገር አልችልም።

ተውኔቱ አንጋፋ ነው። በግጥም የተጻፈ፣ ቃላቱ የከበዱ፣ ተማሪ ገና ሽፋኑን ሲያይ የሚያዛጋበት ዓይነት። እኔ ያገኘሁት ደሴ ስማር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሰው ስም ስለማልጠራ እሱም ከሰዎቹ ጋር ያለ ስም ይለፍ። ታሪኩ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ ባላባት ቤቱንና ጎተራውን ለሚስቱ አደራ ብሎ ዘመቻ ይሄዳል። ዓመታት ቆይቶ ሲመለስ ወንድሙ መንገድ ላይ ይቀበለውና «ሚስትህ ለእንግዳ ሰው ጎተራህን ከፍታለች፤ ጎተራ የከፈተች ደግሞ ሌላም በር ትከፍታለች» ይለዋል። በሦስተኛው ገቢር ሴትየዋ ዛፍ ሥር ዳኛ ፊት ትቆማለች። ዳኛው «ንጹሕ ነኝ ብለሽ ማይ» ይላታል። ንጹሕ መሆኗን ተመልካቹ ያውቃል፤ ከመጀመሪያው ገቢር ጀምሮ በዓይኑ አይቷል። አንድ ቃል ብትናገር ነጻ ትወጣለች። እሷ ግን ዝም ትላለች። ደራሲው ከዚያ በኋላ የጻፈው «ረጅም ዝምታ» የሚል ብቻ ነው። መጋረጃው ይዘጋል፤ አለቀ።

አሁን ይኼ ምን ይባላል? በመጀመሪያው ገቢር ምላሷ አያርፍም። በሁለተኛው ገቢር ግብር ሊሰበስብ የመጣውን ሹም በነገር ጠልፋ ባዶ እጁን ትመልሰዋለች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ድንጋይ ትሆናለች። ደሴ ያስተማሩን መምህር ይህን ስንጠይቃቸው «ጥያቄው ራሱ መልስ ነው» ብለው የጠመኔውን ብናኝ ከእጃቸው አራግፈው ወጡ። እኔም በተራዬ መካነ ሰላም ተመድቤ አማርኛ አስተማሪ ስሆን፣ «ሴትየዋ የምትወክለው አገርን ነው፤ ዝምታዋም የተጨቆነ ሕዝብ ዝምታ ነው» እያልኩ ስንት ዓመት አስጻፍኩ። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ይህንኑ ይመልሳሉ፤ እኔም ትክክል አደርግላቸዋለሁ። በልቤ ግን አንድም ቀን አምኜው አላውቅም። ሴትየዋ አገር ብትሆን ኖሮ ሁለተኛው ገቢር ላይ ስለ ሽንብራ ስፍር ያን ያህል ባልተጨቃጨቀች!

ባሌ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ የምናስተምረው አንድ ትምህርት ቤት ነው። ጥሩ ሰው ነው። ነገር ግን ጥያቄ ሁሉ መልሱ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የሚገኝ ይመስለዋል። ክረምት ሲገባ፣ ትምህርት ተዘግቶ ከተማዋን ጉም ሲውጣት፣ ያንን ተውኔት አወጣና ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ሁለተኛው ገቢር ላይ ሳልደርስ ያንኮራፋል። ቀስቅሼው «ሴትየዋ ለምን ዝም ያለች ይመስልሃል?» ስለው፣ «ደክሟት ይሆናላ!» ብሎ ጋቢውን ይከናነባል። እስቅ ነበር። ግን ስንት ክረምት ይሳቃል? አንድ ሰው በዚህች ሴት ዝምታ አብሮኝ እንዲጨነቅ፣ «እኔ የሚመስለኝ» ብሎ እንዲጀምርልኝ እፈልግ ነበር። ያ ሰው ደግሞ እሱ እንዲሆን ነበር የምፈልገው።

አምና መስከረም አዲስ መምህርት ተመደበችልን። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ቲያትር ያጠናች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት። በወረኢሉ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ አንገላቷት፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ በስስ ሹራብ መናኸሪያ ስትወርድ ሄጄ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። የኛን አገር ብርድ ማን ነግሯት! እቤት ወስጄ አጥሚት አጠጣኋት፤ የራሴን ጋቢ ደረብኩላት። ባሌም «አብሽሪ፣ ይለመዳል» አላት። በገዛ ጋቢዬ አሙቄ ያስገባኋት እንግዲህ እኔው ነኝ።

መጀመሪያ የቆረቆረኝ ትንሽ ነገር ነው። እኔን «እትዬ» ትለኛለች፤ «እርስዎ» ትለኛለች። በዕድሜ የሚበልጠኝን ባሌን ግን «አንተ» አለችው። «እትዬ፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ» ትልና ወደሱ ዞራ «ና እስኪ አንተ፣ ይህን ጠረጴዛ እናንሳው» ትለዋለች። ባልደረባ መሆናቸው ነው። እኔስ ምን ነኝ፣ የመምህራን ማረፊያው ግድግዳ? አክብሮት እንዲህ እንደሚያናድድ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ ክበቤ ሄደ። የቲያትር ክበቡን ለዓመታት የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ በየወላጆች ቀኑ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ችግኝ ተከላ፣ ያለ ዕድሜ ስለሚደረግ ጋብቻ አጫጭር ጭውውት አቀርባለሁ። ርእሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝና «አንቺ አሁን አረፍ በይ፤ ባለሙያ መጥታልናለች» አለኝ። «ኧረ በጣም ደስ ይለኛል!» አልኩት። ደስ ያለኝ እንደመሰለው እርግጠኛ ነኝ። ለካ እኔም ትወና እችላለሁ።

ሚያዝያ ሲጋመስ ስለ ወላጆች ቀን ልንነጋገር መምህራኑ ተሰበሰብን። እሷ ተነሥታ «ዘንድሮ ትልቅ ሥራ እናቅርብ» አለችና የተውኔቱን ስም ጠራች። የኔን ተውኔት! አጠገቤ የተቀመጠው ባሌ በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ «ያ ያንቺው አይደል?» አለኝ። የልቡን ነው፤ ደስ ብሎት ነበር። እኔ ደግሞ ሌላ ሰው በጫማዬ ሲሄድ ያየሁ ያህል ተናደድኩ።

ገጸ ባሕርያቱን አደለች። ዳኛውና ወንድምየው ከተማሪዎች፣ ሚስትየዋ እሷ ራሷ። ለባልየው ጠና ያለ ሰው ያስፈልጋል አለችና ዓይኗን በመምህራኑ ላይ አዙራ አዙራ ባሌ ላይ አሳረፈችው። «ቁመናህ ይሆናል። አይዞህ፣ ንግግሩ ጥቂት ነው፤ ሦስተኛው ገቢር ላይ ደግሞ ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነው» አለችው። መምህራኑ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወደኔ ዞራ «እትዬ፣ እርስዎ ካባውን ቢሰፉልን?» አለች። የስፌት መኪና እንዳለኝ የነገራት እሱ መሆን አለበት። ሰፋሁ። ጥቁር ከፋይ ቆርጬ፣ ዳሩን በወርቃማ ክር ጠልፌ፣ ባሌ የሌላ ሴት ባል ሲሆን የሚለብሰውን ካባ ሰፋሁ።

ሁለቱ ልጆቻችን ደሴ ስለሚማሩ ቤቱ የኔና የሱ ብቻ ነበር። አሁን ግን ገበታችን ላይ ሦስተኛ ሰው ተቀመጠች። «ዝምታው ሽንፈት አይደለም ትላለች።» «ባልየው ሲመለስ በመጀመሪያ የሚያየው ጎተራውን እንጂ ሚስቱን አይደለም፣ ይህን ልብ በል ትላለች።» «ግጥሙን እንደ ወሬ ነው እንጂ እንደ ግጥም አታንብበው ትላለች።» ትላለች፣ ትላለች፣ ትላለች! እኔ ይህን ሁሉ ከተናገርኩት ዓመታት አልፈዋል፤ ያኔ ያንኮራፋ ነበር። አንድ ምሽት ለእራት እጁን እየታጠበ ድንገት አቆመና «እኔ የሚመስለኝ» ብሎ ጀመረ። ስንት ክረምት የጠበቅኩት ንግግር! «እሷ፣ ‹ሴትየዋ ዝም ያለችው ተናዳ ነው› ትላለች። እኔ ግን የተናደደች አይመስለኝም። የምትጠብቀው ነገር ያለ ይመስለኛል። ምን እንደሆነ ገና አልገባኝም እንጂ» አለ። ዓይኑ ያበራ ነበር። «እኔ ስጠይቅህ ደክሟት ነው አልነበር ያልከኝ?» አልኩት። «ያኔ እኮ እንዲህ ፊት ለፊቷ ቆሜ አላየሁትማ» አለኝ። ወጡን አወጣሁለትና ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።

ከሌላ ሴት ጋር ሻይ ሲጠጣ አየነው ቢሉኝ ያን ያህል ባልነደደኝ። ሻይ ምን አላት? እኔ ለዓመታት ቆፍሬ ያላወጣሁትን ሐሳብ እሷ በሦስት ሳምንት ልምምድ አወጣችው፤ ያውም ከኔው ባል ውስጥ። ይህ ነው የቆጨኝ። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የተናገረው ነገር ጥሩ ነበር። «የምትጠብቀው ነገር አለ» የሚለው ተኝቼም አልለቀቀኝም።

ልምምዱ ከትምህርት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ነው። የካባውን ልክ ልይ በሚል ሰበብ እየሄድኩ ከኋላ እቀመጣለሁ። ልጅቷ የማትችል ተዋናይ ብትሆን እንዴት በተገላገልኩ! ግን ትችላለች። ስታለቅስ ያስለቅሳል፤ ስትቆጣ መስኮቱ ላይ የተሰቀሉት ተማሪዎች እንኳ ዝም ይላሉ። ባሏ ከዘመቻ ሲመለስ እጇን ክንዱ ላይ ታሳርፋለች። ደራሲው እንዲህ አድርጊ ብሎ አልጻፈም፤ ተውኔቱን በቃሌ ስለማውቀው ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ አመሻሽ ላይ ዶፍ ወረደ። ባሌ በሩን ከፍቶ ሲገባ ራሱ ላይ የሴት ሻርፕ አስሯል። ሰማያዊ፣ ሽቶው ከበሩ የሚጣራ። «ዝናቡ ሲይዘን ጣል አድርግበት ብላኝ ነው» አለ፤ ሳይደነግጥ፣ እየሳቀ። የኔ ጋቢ እሷ ትከሻ ላይ፣ የሷ ሻርፕ ባሌ ራስ ላይ! ደሜ ፈላ። ቁርዓናችን ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ በአረንጓዴ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ወደሱ ጠቆምኩና «ውዱእ አድርግና ማልልኝ» አልኩት። «በእናንተ መሐል ምንም እንደሌለ፣ እጅህን ጭነህ ማልልኝ።»

ወሎ ውስጥ ይህ ቀላል ቃል አይደለም። ወላሂ በየወሬው መሐል ይባላል፤ እሱ የአፍ ልማድ ነው። የወጉ መሐላ ግን ሌላ ነው። የበሬ ሌባ እንኳ ሲያስምሉት ይንቀጠቀጣል፤ መሐላ ልጅ ላይ፣ ከብት ላይ፣ አዝመራ ላይ ይወርዳል ተብሎ ይፈራል። እውነተኛም ቢሆን ሰው መማል አይወድም፤ የማለ ቤት በመንደሩ ዘንድ ለዘመናት «የማለው ቤት» ይባላል። ይህንን አውቃለሁ። አባቴ በሽምግልና የሚቀመጡ ሰው ነበሩ። እያወቅኩ ነው ያልኩት።

ባሌ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ውኃው ከሻርፑ ጫፍ ይንጠባጠባል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አልተቆጣም፤ ምን አጠፋሁ አላለም፤ እሺ እምላለሁም አላለም። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ረጅም አይቶኝ የሚያውቅ አይመስለኝም። «ንጹሕ ብትሆን ምን ዝም አሰኘህ?» አልኩት። አሁንም አየኝ። በኋላ ሻርፑን ፈትቶ ምስማሩ ላይ ሰቀለው፤ ታጥቦ ውዱእ አደረገ፤ እኔም ሊምል ነው ብዬ ስጠብቅ መስገጃውን አንጥፎ መግሪብ ሰገደ። ዝምታውን የጥፋተኛ ዝምታ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ውስጥ «እንዴት አደርክ»ና «ምሳ ቀርቧል» ብቻ ቀረ። «ትላለች» እንኳ ጠፋች።

የወላጆች ቀን ሰኔ መግቢያ ላይ ዋለ። ሰማዩ ቢጠቁርም አልዘነበም። ከየቀበሌው ወላጆች እየጎረፉ አዳራሹ ሞላ፤ ጋቢ የደረቡ አባወራዎች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ጥምጣም ያሰሩ ሸሆች፣ መስቀል ያንጠለጠሉ ባልቴቶች፣ ግማሾቹ ከንጋት ጀምረው በእግራቸው የመጡ። አብዛኞቹ ከኔ አጫጭር ጭውውት ሌላ ተውኔት አይተው የማያውቁ ናቸው። መጋረጃው በገመድ የታሰሩ ሁለት አንሶላዎች ነበሩ። እኔ ከመምህራኑ ጋር ፊት ረድፍ ተቀመጥኩ። ካባው ባሌን አምሮበታል፤ የኔ እጅ ሥራ ነው፤ ያንን ማንም አይወስድብኝም። እሷ ደግሞ የኔን ጋቢ ለብሳ ብቅ አለች። ለትወናው እንዲሆናት መሆኑ ነው።

ሕዝቡ ለካ እንደ ተማሪዎቼ አያዛጋም። ግብር ሰብሳቢው ሲሸነፍ አጨበጨበ፤ ወንድምየው ሲዋሽ «ዋሾ!» ብሎ ጮኸ። የሚጫወተው ልጅ ደንግጦ ቃሉን ረሳ። ሦስተኛው ገቢር ደረሰ። ዳኛው ማይ አላት። እሷ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ዓይኗን ከአዳራሹ ጣራ በላይ ሰቅላ፣ ዝም አለች። በእርግጥ እምቢተኛ መስላለች፤ ተዋናይ መሆኗን ተናግሬያለሁ። ባሌ ከጎን ቆሟል፤ ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነው የሱ ሥራ።

አንሶላው እስኪዘጋ ትንሽ ሲቀር ከመሐል አንድ ሽበታም ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። የተማሪዬ አያት ናቸው፤ በአስታራቂነት አገር ያውቃቸዋል። ወደሷ አላዩም። ወደ ባሌ እጃቸውን ዘርግተው «ኧረ አንተ ሰው!» አሉ። «ምን ትጠብቃለህ? ተውላት እንጂ! ለአላህ ብለህ ትቼላታለሁ በል!»

አዳራሹ ተነቃነቀ። «ተውላት!» አለ አንድ ጎልማሳ። «በማርያም፣ አታስምላት፤ ልጆች አሏት!» አለች ከኋላ አንዲት እናት፤ ተውኔቱ ውስጥ ልጅ የሚባል የለም። ሸሁም ባልቴቱም በአንድ አፍ «ተውላት፣ ተውላት» ሆነ። ልጅቷ ዓይኗን ከጣራው አውርዳ ግራ ገባት። አንሶላውን የያዙት ተማሪዎች ይዝጉት ይተዉት አላወቁም።

እኔ ግን ወንበሬ ላይ ደረቅሁ። የአባቴ ሽምግልና ነው ዓይኔ ላይ የመጣው። በሬ ሰረቀኝ ብሎ ጎረቤቱን የከሰሰ ሰው ነበር። አባቴ ተከሳሹን «ማል» አሉና ዝም አሉ። ተከሳሹም ዝም አለ። እኔ ልጅ ስለነበርኩ፣ ለምን አይምልም፣ እሱ ነው ማለት ነው ብዬ ተከሳሹ ላይ ሳፈጥ ትልልቆቹ ሁሉ ግን የሚያዩት ከሳሹን ነበር። የኛ አገር ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ማል ከተባለ በኋላ ያለው ዝምታ የከሳሹ ነው። የሚምለው ሰው የሚቆየው፣ ከሳሹ ልቡ እንዲመለስ፣ «ትቼለታለሁ» እንዲል ዕድል ለመስጠት ነው። ትቼለታለሁ ካለ መሐላው ቀረ፤ ሁለቱም ቤት ዳነ። ካላለ ግን፣ መሐላው ቢማልም ጉርብትናው ያን ዕለት አልቋል። በመጨረሻ ባለ በሬው ትቼለታለሁ ሲል ተከሳሹ እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ። ይህን ሁሉ እያየሁ አድጌ፣ ያንን ተውኔት በቃሌ ይዤ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌያቸው አላውቅም።

ሴትየዋ እኮ ተራዋ ስላልሆነ ነው ዝም ያለችው! ደራሲው «ረጅም ዝምታ» ብሎ የጻፈው የሷን አይደለም፤ የባልየውን ነው። ስንት ዓመት እሷን እሷን እያየን፣ ቃል የጎደለው እሱ ዘንድ ነበር። እንድትምል አይደለም የምትጠብቀው፤ «ተዉ፣ ሚስቴን አምናታለሁ» እንዲል ነው። እሱም አላለም፤ መጋረጃው ተዘጋ። ተውኔቱን አሳዛኝ ያደረገው ይህ ነው።

ቀና ስል ባሌ መድረኩ ላይ ካባውን ለብሶ እኔን ያየኛል። ያኔ ሻርፑ እየተንጠባጠበ ያየኝ አስተያየት ነው፤ ያው ነው። ሕዝቡ እሱን ተውላት ይለዋል፤ እሱ የሚጠብቀው ግን እኔን ነበር። ከአጠገቡ የኔን ጋቢ የለበሰች ቆንጆ ልጅ ቆማለች፤ ቅናቴም አልሞተም፤ እውነቴን ነው የምለው፣ ያን ሰዓት እንኳ ጋቢዬን ከላይዋ ብገፍላት ደስታዬ ነበር። ግን እግሬ ራሱ አነሣኝ። «ትቼዋለሁ!» አልኩ፤ ክፍል ውስጥ በምጮኽበት ድምፅ። «ትቼዋለሁ! አትማል!»

ሕዝቡ የተውኔቱ አካል መሰልኩት፤ እናትየዋ ወይ እህትየዋ ነኝ ብሎ ሳይሆን አይቀርም። «እሰይ!» አለ አዳራሹ። ሽማግሌው ዘንጋቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው እጃቸውን ዘረጉና ምርቃት ጀመሩ፤ ቤታችሁ አይፍረስ፣ ልጅ ይውጣላችሁ፣ መሐላ ደጃችሁን አይርገጥ፣ እያሉ ቀጠሉ። ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ «አሚን፣ አሚን» ተባለ። ተማሪዎቹ አንሶላውን የዘጉት ምርቃቱ ሲያበቃ ነው።

ልጅቷ ከአንሶላው ጀርባ አገኘችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «እትዬ፣ ሥራዬን እኮ ገደሉብኝ!» አለች። ጥቂት ቆይታ ግን ተዋናይነቷ ይሁን ተማሪነቷ አሸነፋትና፣ ጋቢዬን አውልቃ እያጣጠፈች «ሕዝቡ ለምንድነው እሱ ላይ የጮኸው? እርስዎስ «ትቼዋለሁ» ሲሉ ምን ማለትዎ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ከልቧ ነበር የጠየቀችው። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ስንት ዓመት የፈለግኩት፣ ለማንም ብናገረው የምኮራበት። «የገጠር ሰው ሲመሰጥ እንዲህ ነው» አልኳትና ጋቢዬን ተቀብያት ወጣሁ። ክበቡን ወስዳለች፤ ይህችን እንኳ ለራሴ ላስቀር።

ባሌ ካባውን ሳያወልቅ አብሮኝ ወደ ቤት ሄደ። መንገድ ላይ ልጆች «ባላባቱ! ባላባቱ!» እያሉ ተከተሉን። እቤት ገብተን በሩን ስዘጋ «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። «አፉ ብያለሁ» አለ። ካባውን አውልቆ ሻርፑ የተሰቀለበት ምስማር ላይ፣ በሻርፑ ላይ ደርቦ ሰቀለው። «ዘገየሽ እንጂ» አለ ጀርባውን እንደሰጠኝ። «እኔ የዚያን ዕለት እዚያው ትይኛለሽ ብዬ ነበር የቆምኩት። ሴትየዋ የምትጠብቀው ምን እንደሆነም ያኔ ነው የገባኝ።»

ለካ ከኔ ቀድሞ ገብቶታል፤ ያውም በኛው ቤት፣ በኔው ፊት ቆሞ። ደስ ልሰኝ አልኩና ወዲያው አንድ ነገር ሆዴን ጫረኝ።

«ለሷ ነገርካት?» አልኩት።

«ምኑን?»

«የዝምታውን ትርጉም። ለኔ ከመናገርህ በፊት ለሷ ነገርካት ወይ?»

ዞሮ አየኝ። ዝም አለ። ያን አስተያየት አሁን አውቀዋለሁ።

«ተውኩት» አልኩ፤ ምላሴን እንዳልነክስ እየፈራሁ፣ በጥድፊያ። «ተውኩት፣ ተውኩት፣ አትመልስልኝ!»

እሱ መሳቅ ጀመረ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ነግሯት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።